ታርቄ ተባረርኩ

አባቴ ሰው ሲያስታርቁ ነው ያረጁት። በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወዲያ ባለው ቀበሌያችን፣ ድንበር የገፋም፣ ከብቱን የሰው ሰብል ላይ የለቀቀም፣ ዱላ የተማዘዘም መጨረሻው እኛ ግቢ ነበር። አባቴ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ከወጡ ወይ የተጣሉትን አብረው ሲበሉ አይተው ይመለሳሉ፣ ወይ እዚያው ያድራሉ። እኔ የኚህ ሰው የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ይርጋ ይባላል። እርቅ ስንት ቤት እንዳቆመ ላወራችሁ እችል ነበር። የማወራችሁ ግን እርቅ እኔን እንዴት እንዳስባረረኝ ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ደስታ የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ላይ ብትተዉት አልቀየማችሁም።

ያኔ ንፋስ መውጫ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ብየዳ እማር ነበር፤ የመጨረሻው ዓመት ላይ ነበርኩ። አባቴ መሬታቸውን ለታላላቆቼ ቆርሰው ሲጨርሱ ለእኔ የተረፈ አልነበረም። «ያንተ መሬት ትምህርትህ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ከልቤ አምኛቸው ነበር። በእኛ አገር የብረት በር የፈለገ ሰው ከንፋስ መውጫ አሠርቶ በአይሱዙ ያስጭናል፤ በዚያ መንገድ ሲላተም ውሎ ወገዳ ሲደርስ በሩ ተጣሞ አልዘጋ ይላል። እኔ እዚያው ወገዳ ሱቅ ከፍቼ በርና መስኮት ልሠራ አስቤ ነበር። የሱቁን ስም ሳይቀር አውጥቼለት ነበር፤ አሁን መጥራቱ ያሳፍረኛል።

እጄ ጎበዝ ነበር። ምላሴ ግን አይታመንም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይህ አፍህ አንድ ቀን ያስበላሃል» ትለኝ ነበር።

የብየዳ መምህራችን አንዳርጌ ይባላል፤ የእስቴ ሰው ነው። ሥራውን የሚወድ፣ ነገር ግን ቶሎ የሚግል ሰው ነበር። ያን ቀን የተግባር ፈተና ይሰጠናል ብለን ቱታችንን ለብሰን ወርክሾፕ ገባን። እሱ ግን የመበየጃው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ስላልመጣ ፈተናው በወረቀት እንደሚሆን ነገረን።

«ቲቸር፣ እንግዲያው በሩንም በወረቀት እንሥራዋ!» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የመምህሩ ፊት ጠቆረ።

«ውጣ!» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«ውጣ ብያለሁ!» ሄዶ በሩን በረገደልኝና ይዞት ቆመ።

እየተጎተትኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ ሠልጣኙ ሁሉ ጠረጴዛውን በብረት ይደበድብ ጀመር። ጆሮ የሚበጥስ ጫጫታ ሆነ። መምህሩ አጠገብ ልደርስ ስል አንድ ነገር ትከሻዬን አልፎ ሽው አለና ግንባሩን መታው። ቁራጭ ብረት ነበር። መምህር አንዳርጌ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ በጣቶቹ መሐል ደም ይወርድ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም እጁን አውርዶ ቆሟል። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

እኔ አልወረወርኩም። ማን እንደወረወረም እስከ ዛሬ አላውቅም። የጠየቋቸው ሠልጣኞች በሙሉ «አላየሁም» አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ «ይርጋ አልወረወረም» ያለ ሰው «ታዲያ ማን ነው?» መባሉ አይቀርም። መምህሩም ቢሆን «ፊት ለፊቴ የነበረው ይርጋ ነው፤ ሲወረውር ግን አላየሁም» ብሎ ቃሉን እንደሰጠ ኋላ ሰማሁ። ማዕከሉ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥልጠና አገደኝ።

ታግዶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የታገደ ያውቀዋል። ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት የለኝም፤ እግሬ ግን ይወስደኝና ከማዕከሉ አጥር ውጭ ቆሜ የብረት መቁረጫውን ድምፅ እሰማለሁ። ትናንት አብረውኝ ይበሉ የነበሩ ልጆች ሲያልፉ ስልካቸውን የሚያዩ ይመስላሉ። እንዲህ ስንከራተት ሰንብቼ ለአባቴ ደወልኩ። ብዙም አልጠየቁኝ። «እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ከሰዓት አይሱዙ ላይ ሆነው አቧራ ለብሰው ደረሱ። የነፍስ አባታችንን ቄስ ሞገስንም ይዘው ነበር። ቄስ ሞገስ በልጅነታቸው ቤተ ልሔም ገዳም የድጓ ዜማ የተማሩ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሁለቱን አልጋው ላይ አስቀምጬ እኔ ቆምኩ።

«ወርውረሃል?» አሉኝ አባቴ።

«አልወረወርኩም።»

«ማን ወረወረ?»

«አላየሁም አባባ። ከኋላዬ ነው የመጣው።»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝና፣ «አምኜሃለሁ» አሉ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከታገድኩ ወዲህ ያመነኝ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም።

«እንግዲህ ነገ ከቅዳሴ መልስ ሰውየው ቤት እንሄዳለን። ድንጋይ ትሸከምና ይቅር በለኝ ትለዋለህ» አሉኝ።

ለማታውቁት ላስረዳ። በእኛ አገር ሰው የበደለ ሰው ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ ድንጋዩን በእጁ ካወረደለት ነገሩ አለቀ፤ ቂም የለም ማለት ነው።

«አባባ፣ አላደረግሁም እኮ ነው የምልዎት!»

«ሰምቻለሁ። ሰውየው ግን ደሙ ፈሷል። ክርክሩን ያነሣኸው አንተ ነህ፣ ደሙም የፈሰሰው ባንተ ነገር መሐል ነው። ብረቱን ማን ወረወረው የሚለው ለእግዜር ይቆይ። ለፈሰሰው ደም አንድ ሰው መቆም አለበት።»

«ታዲያ ይቅር በለኝ ካልኩት ወርውሬያለሁ ማለቴ አይደለም?»

አባቴ እንደ ሕፃን አዩኝ። «እርቅ ላይ ማን ምን አደረገ ተብሎ አይመረመርም። እዚያ የተነገረ ደግሞ ዳኛ ደጅ አይደርስም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ሳስታርቅ በእርቅ ቃሉ የተያዘ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ቄስ ሞገስም፣ «ልጄ፣ ይቅርታ የለመነ ይከብራል እንጂ አይዋረድም። አባትህን ስማ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። የአባቴን ነገር ልቤ አልተቀበለውም ነበር፤ ግን አባቴ ተሳስተው አይቼ ስለማላውቅ ቃላቸውን መጠርጠር አልቻልኩም።

እሑድ መምህር አንዳርጌ ቤት ስንደርስ አባቴ ከመንገዱ ዳር ራሳቸው ድንጋይ መረጡልኝ። አንድ ሁለቱን አንሥተው ጣሉ። «ትንሽ ድንጋይ ንቀት ነው» አሉ። የመረጡት ማጅራቴን ቆረጠመኝ። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙ፤ እኔ በመሐል፣ አባቴ ከኋላ ሆነን ገባን።

መምህሩ ግንባሩ በፋሻ እንደታሰረ ከልጆቹ ጋር ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሲያየን ብድግ አለ። የእስቴ ልጅ ነው፣ ወጉን ያውቃል፤ ምን እንደመጣ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

«መምህር፣ በድያለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ያላደረግሁትን እየተናገርኩ ድምፄ ለምን እንደተንቀጠቀጠ አላውቅም። ድንጋዩ ይሁን፣ የአባቴ ዓይን ይሁን፣ ሰውየውን በዚያ ፋሻ ማየቴ ይሁን፣ ብቻ እንባዬ መጣ። ለነገሩ ማዘኔ እውነት ነበር። በሳቅ ያዋረድኩት እኔ ነኝ።

የመምህሩ ሁለት እጆች መጥተው ድንጋዩን ሲያነሡልኝ ተሰማኝ። ቀና ስል እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «እኔም ደግሞ ቁጣዬ በዝቶ ነበር።»

ቄስ ሞገስ ሁለታችንን መስቀል አሳለሙን። ባለቤቱ ምሳ አቀረበችና ከአንድ መሶብ በላን። አባቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ስለ እስቴ ጤፍና ስለ ስማዳ ገብስ ከመምህሩ ጋር ሲጫወቱ የቆየ ወዳጁ ይመስሉ ነበር። ልንሰናበት ስንል መምህር አንዳርጌ እጄን ይዞ፣ «አታስብ። ነገ ጠዋት እኔ ራሴ የማዕከሉ ዲን ዘንድ ገብቼ ነገሩ አልቋል እላለሁ» አለኝ። መንገድ ላይ አባቴ፣ «አየህ?» አሉኝ። እኔም አመሰገንኳቸው። ከልቤ ነው ያመሰገንኳቸው።

ሰኞ ማዕከሉ አስጠራኝ። አባቴና ቄስ ሞገስም አብረውኝ ገቡ። የማዕከሉ ዲን ወይዘሮ ትርንጎ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ሠልጣኝ ሲታመም ራሳቸው ጤና ጣቢያ የሚወስዱ ሰው ናቸው። ከጎናቸው አንድ ቀጭን የኮሚቴ አባል ተቀምጧል። መምህር አንዳርጌም ወንበር ይዟል፤ ሲያየኝ ፈገግ አለልኝ።

«ይርጋ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ «በአንተ ላይ የመሰከረ አንድም ሰው አልነበረም። መምህሩም ሲወረውር አላየሁም ብሎናል። ዛሬ የተሰበሰብነው እገዳህን ልናነሣልህ ነበር።»

አባቴን ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ግን» አሉ፣ «ጠዋት መምህር አንዳርጌ መጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክመህ በድያለሁ እንዳልከው ነገረን። ክሱ እንዲቀርም ለመነን።»

«አዎ፣ ታርቀናል» አለ መምህሩ ቶሎ ብሎ። «እኔ የተበደልኩት ይቅር ካልኩ ምን ቀረ?»

«ደንቡ ቀረ። አሠልጣኙን የመታ ሠልጣኝ ይሰናበታል፤ ታረቁ አልታረቁ አይልም። እኛ ያጣነው ማን እንደመታህ ነበር። እሱን ደግሞ አንተው አመጣህልን።»

መምህር አንዳርጌ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። እኔ የአባቴን ፊት ለማየት አልደፈርኩም።

ወይዘሮ ትርንጎ ጎንበስ ብለው በእናት ድምፅ ጠየቁኝ፦ «ይርጋ፣ እኔም ካንተ አፍ ልስማው። ብረቱን ወርውረሃል ወይስ አልወረወርክም?»

ወርውሬያለሁ ብል ያለቀ ነገር ነው። ዝም ብልም ያው ነው። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበርና እሱን ተናገርኩ።

«አልወረወርኩም» አልኩ።

መምህር አንዳርጌ ቀስ ብሎ ዞረ። «ምን አልክ?»

«ቲቸር፣ እውነቴን ነው። ከኋላዬ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ትናንት ምኑን ነው ይቅር በለኝ ያልከኝ?»

ሌላ ጊዜ የማያርፈው ምላሴ ያኔ ደረቀ።

«መስቀል ስመህ! በድያለሁ ብለህ! ልጆቼ እያዩ! እኔ ታዲያ ለውሸትህ ነው ያለቀስኩት?»

አባቴ ተነሡ። «መምህር፣ ልጄ አልዋሸም። ተሸከም ያልኩት እኔ ነኝ። ደም ፈሶ ዝም አይባልም ብዬ ነው።»

«ይቅርታ አባቴ» አለ ቀጭኑ ሰውዬ፣ «ልጅዎ ወርውሬያለሁ ብሎ ነግሮዎት ነበር?»

«አይ። አልወረወርኩም ነው ያለኝ።»

«እያወቁ ነዋ በመስቀል ፊት በሐሰት በድያለሁ ያሰኙት?»

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። ሸንጎ ፊት ተናግረው ያረጁ ሰው፣ ነገር በምሳሌ የሚፈቱ ሰው፣ አንድ ቃል አጡ። ወደ ቄስ ሞገስ ዞሩ፤ ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው አቀርቅረው ነበር።

«እንግዲህ ወይ ትናንት ዋሽቷል፣ ወይ ዛሬ» አለ ቀጭኑ። «ዛሬ ከዋሸ መትቷል። ትናንት ከዋሸ በመስቀል የሚዋሽ ሰው ዛሬ በምን ይታመናል? ሽማግሌ ናቸው ብላችሁኝ ነበር አባትየው። አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ ማለት ይሄ ነው።»

ወይዘሮ ትርንጎ «ተው እንጂ!» ብለው ተቆጡት። ቃሉ ግን ወጥቷል። መምህር አንዳርጌ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ይቅርታዬን አንሥቻለሁ» አለና ወጣ። ይቅርታ ተመልሶ ሲወሰድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ውሳኔውን ለመስማት ውጭ ቆየን። ሲጠሩን ወይዘሮ ትርንጎ ቀና ብለው ሳያዩኝ አነበቡት፦ ከማዕከሉ ሙሉ በሙሉ ተሰናብቻለሁ። አባቴ ሊወጡ ሲሉ ቆም ብለው ወይዘሮ ትርንጎን ጠየቋቸው።

«ልጄ፣ እርቁ ታዲያ ምን ሆነ?»

«አባቴ፣ እርቁ የእናንተ ነው። ደንቡ የእኛ ነው» አሏቸው። ድምፃቸው ያሳዝን ነበር።

ከግቢው ስንወጣ የንፋስ መውጫ ነፋስ ጋቢያቸውን ገፈፈው። አባቴ አልያዙትም፤ እኔ ነኝ ከመሬት አንሥቼ ያለበስኳቸው። ቄስ ሞገስ ሊያጽናኑን፣ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። አባቴ ለነፍስ አባታቸው ሲመልሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «አባ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም። እስቴ ድረስ ሄጄ ሌላ ማሠልጠኛ ጠየቅሁ፤ ከቀድሞው ማዕከል መልቀቂያ አምጣ አሉኝ፣ የተሰናበትኩበትን ምክንያት ሲሰሙ ይቅርታ ጠይቀው ሸኙኝ። የብቃት ምዘናም ሥልጠናውን ሳልጨርስ አይታሰብም። አሁን ንፋስ መውጫ አሸዋና ብሎኬት እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። አንዳንዴ የምናወርድበት ግቢ ውስጥ የሚበየድ በር አያለሁ፤ የብየዳው ስፌት ሲበላሽ ይታየኛል። አንድ ቀን አፌ አልቻለምና ተናገርኩ። «አንተ አሸዋህን አውርድ» አለኝ በያጁ። እውነቱን ነው።

መምህር አንዳርጌን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳው ቀርቷል። ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። አልፈርድበትም። በእሱ በኩል ሲታይ እኔ በመስቀል ፊት የቀለድኩበት ሰው ነኝ። ወይዘሮ ትርንጎም በያዙት ደንብ ፈረዱ። አባቴም ከአባቶቻቸው የተማሩትን አደረጉ። ክፉ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ቢኖር እሱን እየረገምኩ እተኛ ነበር።

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ፣ «እዚያ ኮሚቴ ፊት እንዲህ ብትል ኖሮ» ይሉኛል። እስቲ እናንተም አስቡት። «በድያለሁ» ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ሰውየውን በድዬው ነበር። «አልወረወርኩም» ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰማኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እናንተም ምናልባት አንዱን መርጣችሁ ይሆናል።

የእኔስ ይሁን። አሸዋም እንጀራ ነው። ባለፈው ዓመት ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን አባቴን ልረዳ አገር ቤት ሄጄ ነበር። አንድ ጠዋት ከማዶ ጎጥ ሰዎች መጡ። በድንበር ጠብ አንድ ጎረምሳ ሰው አቁስሎ ኖሮ፣ የጎረምሳው አባት ጠቡ ሳይከፋ አስታርቁን ብሎ ነው የመጣው። አባቴ ሳይወጡ ስለቆዩ ሰዎቹ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ጋቢ ሳይለብሱ ወጡ።

«ልጅህ ምን ይላል?» አሉት።

«እኔ አይደለሁም ይላል። ግን ድንጋይ እንዲሸከም እሺ አሰኝቸዋለሁ» አለ ሰውየው።

«ተው። አይደለሁም እንዳለ ይቀመጥ። ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! አንቱ ካላስታረቁን ማን ያስታርቀናል?»

አባቴ ገብተው በሩን ዘጉ። ሰዎቹ እዚያው ቆመው ቆዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሄዱ።

ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ አልታረቁም። የአንዱ ቤት ሰው በሚሄድበት መንገድ የሌላው አይሄድም፤ ወንዶቹ ዱላ ሳይዙ፣ አንዳንዶቹም ጠመንጃ ሳይዙ ከቤት አይወጡም። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በእኛ ደጅ ሲያልፉ አባቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል፤ እነሱም ያዩዋቸዋል። ማንም ቆሞ እንደምን አደሩ አይላቸውም።